በአደጋ ጊዜ የሕፃናት ጥበቃን የማማከር ሥራ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሡ አማካሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን ሥራ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ ልጆች እንዳይጎዱና የተጎዱት እንዲታገዙ ማማከርን፣ የሚይዝ አማካሪ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ቤታቸው ውኃ የገባባቸውን ቤተሰቦች፣ በሌላ ጊዜ ከግጭት ሸሽተው ትምህርት ቤት ውስጥ የሰፈሩ ተፈናቃዮችን፣ አንዳንዴም በመተማ በኩል ከሱዳን የገቡ ስደተኞችን ያገኛል። አደጋው ቢለያይም አማካሪዎች የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ያው ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ልጁን የሚቀበል አገልግሎት መኖሩን ሳያረጋግጡ ልጁን ስለ ጉዳቱ አይጠይቁ።

አማካሪው የሚሠራው ምንድን ነው? ከተቀጣሪው የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ በምን ይለያል?

ተቀጣሪው ባለሙያ ልጆችን በየዕለቱ ይከታተላል። አማካሪው ግን የተወሰነ ቀንና የተወሰነ ውጤት ያለው ሥራ ይዞ ይገባል፤ አስረክቦ ይወጣል። በብዛት የሚወጡት ሥራዎች አራት ናቸው፦ ፈጣን የሁኔታ ዳሰሳ፣ የጉዳይ አያያዝ (የእያንዳንዱን ልጅ ችግር መዝግቦ እስኪፈታ የመከታተል) ሥርዓት መዘርጋት ወይም መፈተሽ፣ ሥልጠናና መመሪያ ማዘጋጀት፣ የተጠናቀቀ ፕሮጀክት መገምገም። ከአራቱ አንዱም አማካሪው ራሱ የልጆችን ጉዳይ እንዲይዝ አይፈቅድለትም። ከ30 ቀን በኋላ የማይገኝ ሰው ለአንድ ልጅ “እኔ አለሁልህ” ሊል አይገባም።

ለመወዳደር ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የማማከር አገልግሎትን የሚጠቅስ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነ የምዝገባው ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና ቀደም ሲል የሠሩት ሥራ ናሙና። ብዙ ድርጅቶች ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠይቃሉ፤ ማስታወቂያው ሲወጣ መሮጥ ስለማያዋጣ አስቀድመው ይያዙት። 15 ከመቶው ታክስ በዋጋው ውስጥ ይካተት አይካተት የፋይናንስ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ውል ከተፈረመ በኋላ ከሚነሡ ክርክሮች አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ስለ ናሙናው አንድ ማሳሰቢያ። የልጅ ስም፣ ፎቶ ወይም ቀበሌው የሚታወቅ ታሪክ ያለበትን የድሮ ሪፖርት እንዳለ አያይዞ መላክ፣ ሥራውን የሚያውቅ ገምጋሚ ፊት ወዲያውኑ ይጥላል። መጣሉም ተገቢ ነው።

ቢጋሩን (ድርጅቱ የሚፈልገውን ሥራ የዘረዘረበትን ሰነድ) ሳነብ መጀመሪያ የማየው ምንድን ነው?

ቀኑን። የ30 ቀን ሥራ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይከፋፈላል፦ ሰነድ ማንበብ 3፣ የመነሻ ሪፖርትና መጠይቅ ማዘጋጀት 4፣ መረጃ ሰብሳቢዎችን ማሠልጠንና መጠይቁን መሞከር 2፣ መስክ 10፣ ጉዞ 2፣ ትንተናና ጽሑፍ 6፣ የማረጋገጫ ስብሰባ 1፣ የመጨረሻ እርማት 2። ወረቀት ላይ ያምራል። ቢጋሩ አራት ወረዳ ካለ ግን 10ሩ የመስክ ቀን ለአንድ ወረዳ ሁለት ቀን ተኩል ይሆናል፤ ከዚያ ላይ አንዱ ቀን ኃላፊ በመጠበቅና ደብዳቤ በማስመራት ያልቃል። በቀረው ቀን ተኩል ልጆችን፣ እናቶችን፣ መምህራንንና ጤና ጣቢያውን ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ወይ ወረዳው ወደ ሁለት ይውረድ፣ ወይ ቀኑ ይጨመር፤ ይህን ደግሞ የቴክኒክ ሰነዱ ላይ ከነምክንያቱ ይጻፉ። “እንደ ምንም እንጨርሰዋለን” ብሎ መፈረም የአማካሪዎች የተለመደ በሽታ ነው።

ቀጥሎ ወቅቱን ይዩ። ሥራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከወደቀ፣ ሊደርሱባቸው የፈለጓቸው የፎገራና የሊቦ ከምከም ቀበሌዎች ውኃ የሚከባቸው ያኔ ነው። ትምህርት ቤትም ዝግ ስለሆነ መምህራንን በየቤታቸው መፈለግ ይመጣል።

የትብብር ደብዳቤው ጉዳይ እንዴት ነው የሚሄደው?

ከላይ ወደ ታች። ከክልሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ለዞን መምሪያ፣ ከመምሪያ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳ ለቀበሌ። መጠለያ ጣቢያ ከሆነ የአደጋ መከላከሉ መሥሪያ ቤትም ማወቅ አለበት። የስደተኞች ጣቢያ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ ሌላ መንገድ ነው፤ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ሳይፈቅድ በር ላይ ይመለሳሉ።

ደብዳቤው ላይ የሚሰማሩት ሰዎች ሙሉ ስም፣ የሚቆዩበት ቀንና የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ይኑር። የጸጥታው ሁኔታ በሚለዋወጥበት ጊዜ ኬላ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ፤ የፈረንጆቹን ብቻ የያዘ ደብዳቤ ኬላ ላይ ሰውን አቁሞ ያስቆጥራል።

ሥራው የሚለካው በምን ነው?

በዘርፉ የሚሠራበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 የተሻሻለው የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መስፈርቶች ሰነድ ነው። 28 መስፈርቶች አሉት፤ በአራት ክፍል ተመድበዋል። ሁሉንም ሪፖርት ውስጥ መደርደር አያስፈልግም። ለመጠለያ ጣቢያ ዳሰሳ ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ስለ ጥቃት፣ ስለ ሥነ ልቦና ድጋፍና ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ የሚናገሩት፣ እንዲሁም 13ኛው (ከቤተሰብ የተለዩ ልጆች)፣ 18ኛው (የጉዳይ አያያዝ) እና 19ኛው (አማራጭ እንክብካቤ) ናቸው። የአገር ውስጡ መነሻ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36፣ የክልሉ የቤተሰብ ሕግና የወንጀል ሕጉ ነው። የወረዳ ባለሙያ ከዓለም አቀፉ ሰነድ ይልቅ እነዚህን ስለሚያውቃቸው ምክረ ሐሳብዎን በእነዚህ ላይ ቢተክሉት ይቀልለዋል።

“የሕፃናት ጥበቃ” ስንል ሰው ይረዳናል?

ብዙ ጊዜ አይረዳም። “ጥበቃ” ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። “ሕፃን” ሲባል ደግሞ ጡት የሚጠባ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ቢልም፣ መጠለያ ውስጥ “ሕፃናት ይሰብሰቡ” ተብሎ በድምፅ ማጉያ ቢነገር እናቶች ልጅ አዝለው ይመጣሉ እንጂ የ15 ዓመቱ ጎረምሳ ካለበት አይነሣም። የ16 ዓመቷ ባለትዳርማ ጭራሽ አትታሰብም። ስለዚህ “ልጆችና ወጣቶች፣ ከ18 ዓመት በታች ያላችሁ፣ ያገባችሁም ብትሆኑ” ብሎ ዘርዝሮ መጥራት ነው። ሥራውን ለማስረዳትም “ልጆች እንዳይጎዱ፣ የተጎዱት እንዲታገዙ” ማለት ይበቃል።

የቆሎ ተማሪ ከቤተሰቡ እንደተለየ ልጅ ይቆጠራል?

ጣና ዙሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የተዘጋጀ መልስ ያለው ግን ጥቂት ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” የሚል የ11 ዓመት ልጅ ለውጭ ሰው የተጣለ ልጅ ይመስላል። እርሱ ግን የአባቱን አገር ያውቃል፣ በየኔታ ሥር ነው፣ ጎጆው ውስጥ አብረውት የሚያድሩ ጓደኞች አሉት። በመስፈርቱ መሠረት ሁለቱ ቃላት ይለያያሉ፦ “ብቻውን የቀረ” የሚባለው ከሁለቱም ወላጆቹና ከሌላ ዘመድ ተለይቶ፣ በሕግ ወይም በልማድ ኃላፊነት ያለበት አዋቂ የማይንከባከበው ነው፤ “የተለየ” የሚባለው ደግሞ ከወላጆቹ ወይም ከአሳዳጊው ተለይቶ ምናልባት ከሌላ ዘመድ ጋር ያለው ነው። የኔታ በልማድ ኃላፊ ስለሆኑ በደህናው ጊዜ ተማሪውን በጅምላ “ብቻውን የቀረ” ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። ቁጥሩን ያሳብጣል፤ የአብነት ትምህርት ቤቱንም ያስቀይማል።

በተቃራኒው “የቆሎ ተማሪ ነው፣ የለመደው ነው” ብሎ ማለፍም ስሕተት ነው። ግጭት መንገዱን ከዘጋው፣ ወላጆቹ ከተፈናቀሉ ወይም የኔታ ራሳቸው ከሸሹ ያ ልጅ በእውነት ተለይቷል። ከቤት ጠፍቶ የመጣም አለ። ለመለየት አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ ነው ከቤት የወጣኸው? ቤተሰቦችህ አሁን የት እንዳሉ ታውቃለህ? መልእክት ልከህ ወይም ደውለህ ታውቃለህ፣ መቼ? ዛሬ ልሂድ ብትል መንገዱ ያስኬድሃል? ሦስቱን የመጨረሻ ጥያቄዎች “አይ” ብሎ የመለሰ ልጅ ወደ ቤተሰብ ፍለጋ ይመራል፤ የቀሩት በመዝገቡ ላይ በራሳቸው ረድፍ ይቀመጡ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ የገጠር ልጃገረዶችም በዚሁ መንገድ ይጣራሉ፤ ለእነርሱ ግን ጥያቄው አሠሪዋ በሌለችበት ይሁን።

ቤተሰብ ፍለጋውን አማካሪው አይጀምረውም። ወረዳውና ቀይ መስቀል የሚሠሩበት መንገድ አለ።

ልጆችን ማነጋገር ግድ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከመምህር፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከመጠለያው ኮሚቴ ማግኘት የሚቻለውን ነገር ለመስማት ልጅን አያስቸግሩ። በፈጣን ዳሰሳ በአንድ ጣቢያ ቢያንስ ሦስት መረጃ ሰጪ አዋቂዎች ይጠየቃሉ፤ አንዱ ጣቢያውን በኃላፊነት የሚመራ፣ ሌላው ከልጆች ጋር በየዕለቱ የሚውል ቢሆን ይመረጣል።

ልጆቹን ማነጋገር ካስፈለገ ከ6 እስከ 8 ሆነው፣ ሴትና ወንድ ተለይተው፣ ከ10 እስከ 13 ያሉት ለብቻ፣ ከ14 እስከ 17 ያሉት ለብቻ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። አወያዩ አንድ፣ ጸሐፊው አንድ፤ ለሴቶቹ ሁለቱም ሴት ይሁኑ። ቦታው ከሩቅ የሚታይ፣ ንግግሩ ግን የማይሰማበት ዛፍ ሥር ጥሩ ነው፤ በር የተዘጋበት ክፍል አይሆንም።

ትልቁ ችግር መልሱ ነው። “እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ?” ብሎ የጀመረ አወያይ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስድስቱም ልጅ ደህና ነው። በጨዋ ደንብ ያደገ ልጅ ለእንግዳ አያማርርም። ስለዚህ ሁኔታን ሳይሆን የትናንቱን ውሎ ይጠይቁ፦ ትናንት ውኃ የቀዳው ማን ነው? በየት በኩል ሄደ? ስንት ሰዓት ተመለሰ? መሬት ላይ የመጠለያውን ካርታ በጭራሮ አስለው፣ የሚፈሩት ቦታ ላይ ጠጠር ያስቀምጡ ቢሏቸው፣ ጠጠሩ ሽንት ቤቱና የውኃ መንገዱ ላይ ሲከማች በዓይንዎ ያያሉ። “አንቺ ምን ደረሰብሽ?” የሚል ጥያቄ በቡድን መካከል በፍጹም አይጠየቅ። “በአንቺ ዕድሜ ያሉ ልጆች እዚህ ምን ያስቸግራቸዋል?” ይባል።

ፈቃድ ሲጠየቅ ፊርማ የሚለው ቃል ያስፈራል፤ ለእርዳታ ምዝገባ የመሰላቸውም ይሻማሉ። ወላጁ በቃል ይስማማ፣ ልጁም ለብቻው ይጠየቅ፣ ጸሐፊው ይመዝግበው። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አይዘለል፦ “ባትመልሱም እርዳታው አይቀርባችሁም፤ ብትመልሱም የሚጨመር ነገር የለም።”

በውይይቱ መካከል አንድ ልጅ የደረሰበትን ጥቃት ቢናገርስ?

አያቋርጡት፣ ግን በሌሎች ልጆች ፊት እንዲዘረዝርም አያድርጉ። “ይህን ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ፤ ስንጨርስ ለብቻችን እናወራለን” ይበሉ። ለብቻው ሲሆን ያዳምጡ፤ ማን፣ ለምን፣ ስንቴ እያሉ አይመርምሩ። “ለማንም አልናገርም” ብለው ቃል አይግቡ፤ ማን ሊረዳው እንደሚችል ነግረው፣ ለዚያ ሰው ብቻ እንደሚናገሩ ያስረዱ። ከዚያ በእጅዎ ካለው የሪፈራል ዝርዝር (ልጁን ተቀብለው የሚረዱ ሰዎችና ተቋማት ዝርዝር) ላይ ይደውሉ። ዝርዝሩ መስክ ከመውጣትዎ በፊት መሞላት ያለበት ለዚህ ነው፤ የሶሻል ወርከሯ ስም፣ የጤና ተቋሙ፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ የሚሠሩበት ሰዓት፣ የሚነሣ ስልክ። “የሚነሣ” የተባለው በምክንያት ነው፤ ከመውጣትዎ በፊት በነበረው ቀን እያንዳንዱን ደውለው ይሞክሩት።

ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጥቃቱ ከደረሰበት እንጂ እርስዎ ከሰሙበት አይደለም። ደቅ ደሴት ላይ ያለች ልጅ ጀልባ እስክታገኝ አንድ ቀን ቢያልፍ ከ72 ሰዓቱ ሦስት ቀን አንዱ ሄደ ማለት ነው፤ ለደሴትና ለሩቅ ቀበሌ ሥራ የመጓጓዣ ገንዘብ አስቀድሞ የሚያዘውም ስለዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቤተሰብ ነገሩን በሽምግልና ለመጨረስ ቢያስብ፣ አማካሪው አይቀመጥም፣ ሐሳብም አይሰጥም። ልጅቷን ለደፈራት ሰው በመዳር የሚያልቅ እርቅ አለና።

የዕድሜ መረጃ ለምን ይበላሻል?

የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ስለሆነ ዕድሜው በግምት ይሞላል። እናትን “ዕድሜው ስንት ነው?” ከማለት “በየትኛው ክረምት ተወለደ? ከታላቁ በስንት ዓመት ያንሳል? ክርስትና የተነሣው ከየትኛው በዓል ወዲህ ነው?” ማለት ወደ እውነቱ ያቀርባል።

ሌላው ብልሽት ኮምፒውተሩ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2017 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ነው። ያንኑ 2008 የፈረንጆች አድርጎ የወሰደው ቅጽ የ17 ዓመት ያደርገዋል፤ ከትንንሾቹ ወጥቶ ከ14 እስከ 17 ያሉት መካከል ይገባል። መጠይቁ ላይ የልደት ዓመት ሳይሆን የተሞላ ዕድሜ ያስመዝግቡ፤ ዓመት ካስፈለገ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” የሚል ምርጫ ይኑረው። ሰዓትም እንዲሁ፤ “3 ሰዓት” ብሎ የጻፈ መረጃ ሰብሳቢ ጠዋትን ነው ያሰበው።

ስንት ሶሻል ወርከር ያስፈልጋል ብዬ ልምከር?

መስፈርቱ ለአንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከ25 ጉዳይ አይለፍ ይላል። የዳሰሱት ወረዳ ውስጥ ክትትል የሚፈልጉ 180 ልጆች ካሉ 180ን ለ25 ሲያካፍሉ 7.2 ይመጣል፤ 8 ሠራተኛ። ለአምስት ወይም ለስድስት ሠራተኛ አንድ ሱፐርቫይዘር ሲታሰብ 2። “የሰው ኃይል ይጠናከር” ከሚል ዓረፍተ ነገር ይህ ስሌት ይሻላል፤ በጀት ያዢው ሊቆርጠው የሚችለው ነገር ያገኛል። ቀጥለው የሚረሱትን ይጨምሩ፦ የሞባይል ካርድ፣ የታክሲና የባጃጅ፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን፣ የዝናብ ልብስ። ቁም ሣጥኑ ስለሌለ ብቻ የልጆች ፋይል ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ የሚያድርበት ቢሮ ብዙ ነው።

ጣናን ተሻግሮ ለመሥራት የተለየ ነገር አለ?

በጠዋት መነሣት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል፤ ስለዚህ መመለሻውም ከዚያ በፊት ይታሰብ። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር፤ በታንኳ ቡድን አይጫንም። መጠይቁን በስልክ የሚሞሉ ከሆነ ኮቦን (መጠይቅ የሚሞላበትን የስልክ መተግበሪያ) ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ከተማ ውስጥ ጭነው፣ ቅጹን ከፍተው ሞክረው ይውጡ። ስልኩን በፕላስቲክ ጠቅልሉ።

የአበል ጉዳይስ?

ለተሳታፊ ልጅ ገንዘብ አይሰጥም፤ ውኃና ብስኩት ይበቃል። ለመንግሥት ባለሙያ ግን ደንቡ የሚፈቅደው አበል በጀት ላይ ከመጀመሪያው ይያዝ። ሳይያዝ ቀርቶ መስክ ላይ ድርድር ከተጀመረ ሥራው ይቆማል።

ክፍያው እንዴት ይከፋፈላል?

ለምሳሌ የመነሻ ሪፖርቱ ሲጸድቅ 30 ከመቶ፣ ረቂቁ ሲገባ 40፣ የመጨረሻው ሲጸድቅ 30። ውሉ ላይ ድርጅቱ አስተያየቱን በስንት የሥራ ቀን እንደሚሰጥ ይጻፍ፤ 10 ቀን ምክንያታዊ ነው። ይህ መስመር የሌለው ውል የመጨረሻውን 30 ከመቶ ወራት ያስጠብቃል።

ሪፖርቱ በምን ቋንቋ ይጻፍ?

ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል፤ ይጻፍለት። ግን ምክረ ሐሳቡን የሚፈጽመው የወረዳው ባለሙያ ስለሆነ አራት ገጽ የማይበልጥ የአማርኛ ቅጂ በዋጋው ውስጥ ያስገቡ። የማረጋገጫ ስብሰባው ላይ የሚታደለውም እርሱ ይሁን። ከ5 ያነሰ ቁጥር ከቀበሌ ስም ጋር አይውጣ፤ “በእገሌ ቀበሌ 2 ልጃገረዶች” ብሎ ማተም ስም ከመጻፍ አይተናነስም።

ውሉ ሲያልቅ በእጄ ያለው መረጃ ምን ይደረጋል?

ስምና ኮድ የሚያገናኘው ዝርዝር ከሌላው ፋይል ተለይቶ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ለድርጅቱ ተረካቢ ይሰጣል፤ ርክክቡ በፊርማ ይሁን። ወረቀቱን እርስዎ ጋ አያስቀሩ። ከኮምፒውተርዎ፣ ከፍላሽና ከኢሜይል ሲያጠፉ ሁሉም ሰው የሚረሳው የመስክ ቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለቅንጅት ተብሎ ይከፈታል፣ በሦስተኛው ቀን የተሞላ ቅጽ ፎቶ ይላክበታል፣ ከዓመት በኋላም እዚያው ይገኛል። ግሩፑን ከሁሉም አባላት ስልክ እንዲጠፋ አድርገው ይሰርዙት፤ ከዚያ እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ የስልኩን ጋለሪ እርስዎ ፊት ከፍቶ ያጽዳ፣ የመጨረሻው አበል የሚከፈለውም ያኔ ነው።